አረንጓዴ ክር ያለበት ድስት

ደሴ፣ እናቴ ኩሽና ውስጥ ሁለት የወጥ ድስቶች ነበሩ። አንዱ በየቀኑ እሳት ላይ የሚውል፣ ቂጡ ከሰል የመሰለ። ሁለተኛው ከመደርደሪያው አናት ላይ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ የሚቀመጥ፣ ጆሮው ላይ አረንጓዴ ክር የታሰረበት። «የእትዬ ድስት» እንለው ነበር። የገዛችው እናቴ ናት፤ የሚያጥበውም የሚያስቀምጠውም የእኛ ቤት ሰው ነው፤ ግን የእትዬ ነው።

እትዬ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። ትምህርት ቤት እስክገባ ድረስ ስማቸውን አላውቅም፤ ለእኔ እትዬ ብቻ ናቸው። ለንጋቱ ሶላት፣ ለሱብሒ፣ አዛን ሲል እሳቸው ይነሣሉ፣ የኪዳን ደወል ሲደወል እናቴ ትነሣለች፤ ሁለቱም በየግቢያቸው ሲንቀሳቀሱ ተኝቼ እሰማቸዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ቡና ይጠራራሉ። በረካው ላይ እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ዱአ ያደርጋሉ፤ ልጆቻቸው «አሚን» ይላሉ፣ እናቴ «አሜን» ትላለች፣ ሁለቱ ቃሎች እየተደራረቡ ለጆሮዬ አንድ ቃል ነበሩ።

እኛ ቤት ክርስትና ወይም ማኅበር ሲኖር የእትዬ ባለቤት በጧት ይመጡና ከግቢያችን ጥግ «ቢስሚላህ» ብለው አንድ በግ ያርዳሉ። ሥጋው በእነሱ ቢላ፣ በእነሱ መክተፊያ ይከተፋል፤ አረንጓዴ ክር ባለበት ድስት ይሠራል፤ ወጡን የሚያማስሉት እትዬና እህቶቻቸው ናቸው። እነሱ ቤት ሰርግ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አባዬ ሄዶ «በስመ አብ» ብሎ ያርዳል፣ የእኛ ድስትና የእኛ ጭልፋ አጥሩን ተሻግሮ ይሄዳል። ሽንኩርቱን ግን ሁሉም በአንድ ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚከትፈው፤ በአንድ ላይ ነው የሚያነባው።

የ11 ዓመት ልጅ ሳለሁ በፋሲካ ዋዜማ ሌሊት ያንን ድስት አበላሸሁት። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ዶሮ ወጡን አሙቂው ተብዬ ነበር፤ ትልቁ ድስት ሞልቶ ሲያስቸግረኝ ወንበር ላይ ወጥቼ ያንን ድስት አወረድኩና ግማሹን ገለበጥኩበት። ክሩን አይቼዋለሁ። አላየሁም ብል ውሸት ይሆናል። እንቅልፍ ይዞኝ ነበር፣ ሌላ ዕቃም በአጠገቤ አልነበረም።

እናቴ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጧፏን እንደያዘች ገባች። ድስቱን አየች። አልጮኸችም።

«አጥቤ እመልሰዋለሁ፤ ማንም አያውቅም» አልኳት።

«አንቺ አወቅሽ፣ እኔ አወቅሁ፣ እግዜር አወቀ። ከዚህ ወዲያ ማን ይወቅልሽ?»

55 ቀን ጾማ፣ ሳትገድፍ ቁጭ ብላ ሱብሒ እስኪሰገድ ጠበቀች። ከዚያ እጄን ይዛ የእትዬን በር አንኳኳች። «ድስትዎ ተበላሽቷል» አለቻቸው። «ልጄ የእኛን ዶሮ ጨመረችበት።» እትዬ እኔን አዩኝ። አገጬ ደረቴ ላይ ተጣብቋል። «አብሽሪ፣ ልጅ አይደለች እንዴ» አሉና ራሴን ዳበስ አደረጉኝ። እናቴ ተሰናብታ ልትወጣ ስትል ደግሞ ከኋላዋ፣ በዚያው በለሰለሰ ድምፅ፣ «ድስቱን ግን ለውጪው» አሏት።

በማግስቱ ሰኞ ገበያ ሄደን አዲስ ድስት ገዛን። ክሩን ከአሮጌው ጆሮ ፈትተው በአዲሱ ላይ ያሰሩት እትዬ ራሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ስለ ክርስቲያንና ሙስሊም ወዳጅነት በተነሣ ቁጥር እኔ የማስበው ያቺን «ድስቱን ግን ለውጪው» የምትል ቃል ነው። እትዬ «ኧረ ምንም አይደል» ብለው ቢያልፉት እናቴ ደስ ይላት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን እኛ ቤት በበሉ ቁጥር ልባቸው ይጠራጠር ነበር። እናቴም ዝም ብትል ኖሮ እሳቸውን በሰላምታ ቁጥር ትሸሻቸው ነበር። ሁለቱም የየራሳቸውን ከባድ ነገር በግልጽ ተናገሩ፤ በዚያው ቀን ከሰዓት ቡና ተጠጣ።

ከወሎ ውጭ ያደጉ ጓደኞቼ ሰርጋችን ላይ የእስላም ድንኳንና የክርስቲያን ድንኳን ተለይቶ ሲያዩ ይከፋቸዋል። አንዷ ዩኒቨርሲቲ ሳለን «አብረን እንኖራለን ትላላችሁ፣ አብራችሁ እንኳ አትበሉም» ብላኝ መልስ አጣሁላት። አፍሬም ነበር። ዛሬ ብትጠይቀኝ ግን የምላት አለኝ። ለአንድ ሰው የተለየ ድስት ለማስቀመጥ ሕጉን ማወቅ ይጠይቃል፤ ማን እንደሚያርድ፣ ምን ተብሎ እንደሚታረድ፣ ቢላው የት እንደዋለ፣ ጭልፋው ከምን ጋር እንደነካካ። እናቴ ስለ እትዬ ሃይማኖት የነበራት እውቀት እጇ ላይ ነበር። እትዬም ረቡዕና ዓርብ ቡና ሲጠሩን ቆሎው ቅቤ እንዳልነካው ሳንጠይቃቸው ይነግሩን ነበር። ድንበሩ የት እንዳለ ስለሚታወቅ እስከ ድንበሩ ድረስ በነፃነት ይኬዳል።

ይህን ስል ግን ወሎን ገነት አድርጌ መሳል አልፈልግም። «ተቻችሎ የሚኖር ሕዝብ» ሲባል ሰምተን ያደግን ነን፤ ቃሉን አልወደውም። የሚቻለው ሸክም ነው፣ ሕመም ነው፤ እናቴ እትዬን ስትችላቸው አላየሁም፣ ስትወዳቸው እንጂ። ከዚያም በላይ ቃሉ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ከደሴ ወደ ሰሜን ትንሽ ወጣ ሲባል ቦሩ ሜዳ አለ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤ የጠሩበት ሜዳ ነው። ትምህርት ቤት የተነገረኝ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በምሥጢረ ሥጋዌ የተከራከሩበት መሆኑ ብቻ ነበር። ከጉባኤው ጋር ተያይዞ የወሎ ሙስሊም ተጠመቅ መባሉን፣ ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል መባላቸውን፣ እምቢ ያሉት መሰደዳቸውን፣ ሼኽ ጠልሐ ጦር መርተው መዋጋታቸውን የሰማሁት አድጌ ነው። ያ ዘመን «ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም» የሚባሉ ሰዎችን ፈጠረ። ያው ሚካኤል ኋላ ንጉሥ ሆነው ደሴ ላይ አይጠየፍ አዳራሽን አሠሩ፤ በአጠገቡ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ፣ ስለ ጥምቀታቸው ግን አንድም ሰው አንሥቶልኝ አያውቅም።

የነገረችኝ የእትዬ ልጅ ናት። እኩያዬ ናት፣ ዛሬ ሁለታችንም አዲስ አበባ ነው የምንኖረው። «እኛ ቤት ሁለት ስም የነበረው ቅድመ አያት አለ» አለችኝ አንድ ማታ። ዝም አልኩ። እኛም ቤት አለ። የአያቴ አባት ስም የሙስሊም ስም ነው፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄ የመለሰልኝ የለም፣ ክርስቲያኑ ወገናችን ከየት እንደሚጀምር ማንም ሊነግረኝ አልፈለገም። ያን ማታ ከእሷ ጋር ስንቆጥር የሁለታችን ቅድመ አያቶች የአንድ ዘመን ሰዎች ሆነው አገኘናቸው። አንዱ ቤት ሁለተኛው ስም ጸና፣ ሌላው ቤት የመጀመሪያው ተመለሰ። በዚያ ማታ ያለቀስነው ስለ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ በትክክል አላውቅም።

ሌላም ነገር አስተምራኛለች። እኔ በየአጋጣሚው የአክሱሙን ንጉሥ የነጃሺን ታሪክ እጠቅስ ነበር፤ ክርስቲያን ስለ አብሮነት ሲናገር መጀመሪያ ወደ አፉ የሚመጣው እሱ ነው። በ615 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ተሰደው ወደ አክሱም መጡ፣ የመካ ገዢዎቹ ቁረይሾች ስጦታ አስይዘው «መልስልን» ብለው ላኩ፣ ንጉሡ አሳልፎ አልሰጠም። ይህን ስል አንድ ቀን አቋረጠችኝ። «ሁልጊዜ እናንተ አስተናጋጅ፣ እኛ እንግዳ ነን። 1400 ዓመት ሙሉ እንግዳ የሚሆን ሰው አለ?»

መልስ አልነበረኝም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች ለእኩልነት ሰልፍ ሲወጡ፣ ብዙ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ሲወጡ፣ ከቅሬታዎቹ አንዱ ይኸው ነበር፤ «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» ሳይሆን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባላቸው። ሁለት ቃል ናት ልዩነቷ። ዒድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓል የሆኑት ከአብዮቱ በኋላ ነው። እትዬ ያደጉት የእሳቸው በዓል በካላንደሩ ላይ በሌለበት አገር ነው ማለት ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ከአገሩ ሕዝብ ሲሶው ሙስሊም ነው፤ ሲሶ ሕዝብ እንዴት እንግዳ ይሆናል? ከዚያ ቀን ወዲህ የነጃሺን ታሪክ ስናገር ውለታ አስቆጣሪ እንዳልሆን እጠነቀቃለሁ።

ታሪኩን ግን አልተውነውም፤ እንዲያውም የምንከራከርበት ሆነ። እሷ ንጉሡ ሰልሟል ትላለች፤ ነቢዩ ሞቱን ሲሰሙ በሩቅ ሆነው የጀናዛ ሶላት ሰግደውለታል። እኔ በክርስትናው ጸንቶ ሞተ ብዬ ነው የተማርኩት። አልተስማማንም፣ የምንስማማም አይመስለኝም። ሁለታችንም የምንወደው ቦታ ግን አንድ ነው፤ ንጉሡ የከሳሾቹን ቃል ብቻ ሰምቶ አልፈረደም፣ ስደተኞቹን አስጠርቶ «ሃይማኖታችሁ ምንድን ነው?» አላቸው። የስደተኞቹ አፈ ጉባኤ ጃዕፈርም ተነሥቶ ከሱረቱ መርየም፣ ከቁርኣን የማርያም ምዕራፍ፣ ቀራለት። ንጉሡ እስከ መጨረሻው ሰማ።

እኔ እንደዚያ አልሰማሁም። በሚያዝያ 2007 ሊቢያ ላይ ወንድሞቻችን በአይሲስ እጅ የታረዱ ጊዜ፣ ሐዘኑ አንገብግቦኝ «ሃይማኖታችሁ ይሄን ይፈቅዳል?» ብዬ ጻፍኩላት። መልሷ አንድ መስመር ነበር፦ «ይሄን ስትጽፊ ማንን እያየሽ ነው፣ እኔን ነው?» እሷም እኮ ለእነሱ ስታለቅስ ነበር የዋለችው።

ከዚያም የባሰ በደልኳት። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ጎንደር ላይ በቀብር ላይ የነበሩ ሙስሊሞች ተጠቁ፤ ሰው ተገደለ፣ መስጂዶች ተጎዱ። ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ቀን ነው። እኔ ቤት ገና እንግዳ ይገባል ይወጣል፣ እሷ ቤት የረመዳን የመጨረሻ ቀናት ናቸው። ዜናውን አየሁት። ስልኬን አነሣሁ፣ ምን እንደምላት ጠፋኝ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። «ወገኖቼ ናቸው ያጠቁት ብዬ ይቅርታ ልበል? የማላውቀውን ሰው ጥፋት ልሸከም?» እያልኩ ለራሴ ምክንያት ስሰጥ ሁለት ቀን አለፈ። በሁለተኛው ቀን ስልጤ ዞን፣ ወራቤ ከተማ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ያን ዕለት ማታ ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት።

«ወራቤ የሆነውን ሰማሁ። እንዴት ነሽ? ደኅና ነሽ ወይ?»

ድምፄ አልወጣ አለኝ። እሷ ይቅርታ ልበል አልበል ብላ አላሰላችም፤ ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል እኔ እንደማዝን ስለምታውቅ ደወለች፣ በቃ። ዘግይቼ የጎንደሩን አነሣሁላት። ትንሽ ዝም አለችና «ጠብቄሽ ነበር» አለችኝ። ቁጣ የለበትም። ሁለት ቀን ስልኳን እያየች እንደነበር ነው የነገረችኝ። ያ ቃል ዛሬም ይቆጠቁጠኛል። ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አለኝ፤ በእሷ ወገን ላይ አንድ ነገር ሲደርስ ቃል እስኪገኝልኝ አልጠብቅም። ደውዬ ዝም እላለሁ። ዝምታው ውስጥ እሷ ታወራለች።

ሰዉ «ውይይት» ሲባል የሚያስበው በየስልኩ የሚዞረውን ሙግት ነው። አንዱ የሌላውን መጽሐፍ ገልጦ ስሕተት ሲያሳይ፣ የራሱ ወገን ሲያጨበጭብ። ለሃይማኖቱ የሚከራከር ሰው መብቱ ነው፣ አልነቅፈውም። እኔም እምነቴ እውነት ነው ብዬ ነው የምኖረው፤ እሷም እንዲሁ፤ ሁለታችንም ይህን አንደባበቅም። ግን በሙግት ላይ የሚጠየቅ ጥያቄ መልሱ በጠያቂው ኪስ ውስጥ ነው ያለው። እሷ አንድ ቀን «ለማርያም ትሰግዳላችሁ አይደል፣ ለአላህ ከሚሰገደው በምን ይለያል?» ብላ ስትጠይቀኝ የፈለገችው ማወቅ ነበር። እኔ ደግሞ አላወቅሁም። ዕድሜ ልኬን ስሰግድ ኖሬ ልዩነቱን ማስረዳት አቃተኝ። የንስሐ አባቴን ጠየቅሁ፤ ለእግዚአብሔር ብቻ የሚሰገደው የአምልኮ ስግደትና ለቅዱሳን የሚሰገደው የጸጋ ስግደት ምን ማለት እንደሆኑ አስረዱኝ፤ ተመልሼ ነገርኳት። «እኔ አሁንም አልቀበለውም፣ ግን አሁን ገባኝ» አለችኝ። በእሷ ጥያቄ የራሴን ሃይማኖት ተማርኩ። እኔም በተራዬ የደሴ ብርድ ባለበት በውድቅት ውዱእ ስለማድረግ፣ ከሶላት በፊት ስለመታጠብ፣ ስለ ኒያ፣ ስለ ልብ ሐሳብ፣ የእሷን ሶላት ከልማድ ስለሚለየው ነገር ጠይቄያታለሁ። ጸሎት እንዴት እንደሚደርቅ፣ ልብ እንዴት እንደሚሸሽ ያወራሁት ከእሷ ጋር ነው፤ ከብዙ ክርስቲያን ጓደኞቼ ጋር እንኳ ያላወራሁትን።

በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ፤ መጋቢት 2፣ ሰኞ። እኔ ከቅዳሴ መልስ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር የምገድፈው፤ አንዳንድ ቀን ግን እስከ መግሪብ ቆይቼ እሷ ቤት እሄድ ነበር። ከምሽቱ 12:40 ገደማ አዛን ሲል እሷ በተምር ትጀምራለች፣ እኔ አማትቤ ውኃ እጠጣለሁ። ሳምቡሳው በምስር ነው፣ ሾርባው ሥጋ የለበትም፣ ሽሮው በዘይት ነው። ለእኔ ብላ መሆኑን አውቃለሁ፤ ልጆቿ ሥጋ ያለበትን ሳምቡሳ እየፈለጉ ሲያኮርፉ «ዛሬ የአክስታችሁ ነው» ትላቸዋለች። ያን ሰሞን ሁለት ድስት አላስፈለገንም።

እዚያ ማዕድ ላይ ነው የእትዬን ነገር ያነሣችልኝ። እትዬ ያረፉት በ2011 ነው። እኔ አልደረስኩም፤ የሙስሊም ቀብር አይቆይም፣ መንገድ ላይ እያለሁ አለቀ። የሰፈሩ ዕድር፣ ቅሬው፣ ወዲያው ተጠራ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ወጣ፣ ድንኳኑን የተከሉት የእኛ ሰፈር ጎረምሶች ናቸው። ሬሳው ሊታጠብ ሲል የእነ እትዬ ቧንቧ ውኃ የለውም። እናቴ፣ ጉልበቷ እያመማት፣ ከእኛ ቧንቧ ውኃ ቀዳች። አንድ ባልዲ፣ ሁለት ባልዲ፣ ሦስት ባልዲ። ልጆቹ ሊቀበሏት ሲሉ እምቢ አለች። አጥሩን ዞራ እስከ ክፍሉ ደጃፍ አደረሰችና እዚያ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲያ የሚገቡት አጣቢዎቹ ብቻ ናቸው፤ እናቴ ይህን ታውቃለች። ደጃፉ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆመች። «በሩ ሲዘጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች» አለችኝ የእትዬ ልጅ። «ዋናው ሐዘንተኛ እሷ ነበረች፣ ግን አንዲት እርምጃ አላለፈችም።»

እናቴ ይህን አልነገረችኝም ነበር።

ባለፈው ሳምንት የእትዬ ልጅ ደወለችልኝ፣ እህቴ ልበላት እንግዲህ። ታናሽ ወንድሟ ሊያገባ ነው፣ ሰርጉ ደሴ ነው፣ የክርስቲያን እንግዳ ብዙ ነው። አባዬም የለ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎችም አልቀዋል። «በስመ አብ ብሎ የሚያርድ ሰው ፈልጊልኝ፣ የምታምኚው ይሁን» አለችኝ። «ድስትም ይዘሽ ነይ፣ ትልቅ። የእናንተ እንደሆነ እንዲታወቅ ክር እሰሪበት፤ አረንጓዴ እንዳይሆን ግን፣ ከእኛው ጋር ይቀላቀላል። ቀይ ይሁን።»

ቀይ ክር ቤት አልነበረኝም። ትናንት ከሥራ መልስ መርካቶ ገብቼ አንድ ጥቅል ገዛሁ።